ጠበል የጠጣችው ላንድሮቨር

ሞተሩ ላይ ጋኔን የለም! ስንት ጊዜ ልናገር? የለም። «ነበረ፣ ግን ለቀቀ» የምትሉትም ውሸት ነው። ያን ሞተር ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ የጫንኩት እኔ ነኝ፣ እያንዳንዷን ዳዶ በዚህች እጄ ነው ያጠበቅኳት፤ ጋኔን ቢኖር መጀመሪያ የሚይዘው እኔን ነበር። «አንተንማ ይዞህ አይደል እንዲህ የሚያስለፈልፍህ» እንደምትሉም አውቃለሁ። አዘዞ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴትዮ ሳትቀር ብላኛለች። ሳቁ። ቀልድ ከሆነማ ከእኔ የሚብስ ቀልደኛ አዘዞ ላይ የለም። ግን መኪናዋ ስትቆም በእኔ፣ ስትነሳ በጠበል? ይሄ የምን ፍርድ ነው? እስቲ ዝም በሉና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እኔ አልቆምኩም፣ እሱ ነው የቆመው። ስለዚህ ፊደል ብሳሳት እለፉት፤ ብሎን ግን አልሳሳትም። ጋራዥ የገባሁት ግራሶ ቀቢ ሆኜ ነው። ግራሶ ቀቢ ማለት ቀኑን ሙሉ መኪና ስር ተንጋሎ የሚውል፣ ሲጠሩት እግሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ፍጡር ማለት ነው። እናቴ ራሷ ጋራዥ ብትመጣ በፊቴ ሳይሆን በጫማዬ ነበር የምትለየኝ። እንዲህ ሆኜ ሦስት ዓመት። ሌላው ሞተር ሲፈታ እኔ ከስር ሆኜ እያየሁ፣ የቱ ከየት እንደወጣ በልቤ እየያዝኩ። ማንም አላስተማረኝም። ይቺን አስምሩባት።

የአያ ላንድሮቨር የመጣችው ያኔ ነው። አያ የምላቸው ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ማዶ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ፀሐይ ቢያቃጥል ጋቢያቸውን የማይጥሉ ሽማግሌ። መኪናዋ ከአባቴ በዕድሜ ትበልጣለች። አንዱ በሯ የሚዘጋው በሽቦ ነው፤ ሌላው በር ጭራሽ አይከፈትም። ሻንሲዋ ግን፣ አጥንቷ ማለቴ ነው፣ ንቅንቅ የለም። በዚያ አገር ወላድ ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል የምትደርሰው በእሷ ነው፣ ገብሱ ገበያ የሚወጣው በእሷ ነው። ችግሩ ሞተሯ የቤንዚን ነው። ቤንዚን ደግሞ የለም፤ ቢኖር ሰልፍ ነው፤ ተራህ ሲደርስ አልቋል። ናፍጣ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ብቅ ይላል።

አያ ጋራዡ በር ላይ ቆመው «ምነው ልጆች፣ ይችን ማኪና ልቅበራት ወይስ መላ አላችሁ?» አሉ።

እኔ አንድ አይሱዙ ስር ተኝቼ «የናፍጣ ሞተር ይጫንላት!» ብዬ ጮህኩ።

«ማነው የተናገረው?» አሉ አያ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

«እግሩ ነው» አለ ካፖው። ካፖ የምንለው የጋራዡን አለቃ ነው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከስር ወጣሁ፣ ግራሶዬን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና አስረዳኋቸው። ጠዳ አጠገብ የተገለበጠች ሚኒባስ አለች፣ አካሏ ተጨራምቷል፣ ሞተሯ ግን ሸጋ ነው፣ ባለቤቱ ሞተሩን ለብቻ ይሰጣል።

«የሞተ ሰው አለ?» አሉ አያ።

«ሰው ጭረት አላገኘውም አያ። ላይ የተጫነው ዶሮ ነው ያለቀው።»

«ዶሮስ ግድ የለም» አሉ።

እዚህ ላይ ዲፕሎማው መጣ። ስሙን አልጠራም፣ ከኮሌጅ የመጣ መካኒክ ነው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስልኩ ላይ የሚያነብ። «አይሆንም» አለ። «የሚኒባስ ሞተርና የላንድሮቨር ካምቢዮ ቀዳዳቸው አይገናኝም። ሁለት አገር ናቸው።»

ካምቢዮ ማርሹ ያለበት ሣጥን ነው፤ ሞተሩ ከእሱ ጋር ግጥም ብሎ መታሰር አለበት። እውነቱን ነው፣ ቀዳዳቸው አይገናኝም። ታዲያ ይሄን ያህል እውቀት ኮሌጅ ያስገባል?

«ሁለት አገር ድልድይ ነው የሚፈልገው» አልኩት።

«ድልድዩን ማን ሊለካው? አንተ? ሚሊሜትር ታውቃለህ?»

ሚሊሜትር አላውቅም። ካርቶን ግን አውቃለሁ። የፓስታ ካርቶን ዘረጋሁ፣ የካምቢዮውን አፍ ግራሶ ቀባሁት፣ ካርቶኑን ለጥፌ በመዶሻ ጫፍ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረግሁት። ቀዳዳው ሁሉ ታተመ። በሌላ ካርቶን ሞተሩንም እንደዚያው። ሁለቱን መሃል ለመሃል በክር አገናኝቼ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወሰድኳቸው። ባለ ቶርኖው ካርቶኑን አገላብጦ አይቶ «ይሄ ሥዕል ነው ወይስ ወጥ የፈሰሰበት?» አለኝ። «አንተ ብረቱን ብሳ» አልኩት። የጣት ውፍረት ካለው ብረት ክብ ሳህን ቆርጦ የሁለቱንም ቀዳዳ አወጣልኝ። አንዴ ካርቶኑን ገልብጬ ሰጥቼው ቀኝና ግራው ተቀያይሮ ነበር። አንዴ ብቻ! ዲፕሎማው ይቺን እስከ ዛሬ ያወራታል። ሁለተኛው ሳህን ግን ሞተሩንና ካምቢዮውን ሲያገናኛቸው እንደ ክዳንና ድስት ነው ግጥም ያደረጋቸው። ካፖው ጣቱን በዙሪያው አዙሮ ክፍተት ፈለገ፣ አጣ፣ ምንም ሳይል ሄደ። ካፖው ምንም ሳይል ከሄደ አመሰገነ ማለት ነው።

ሌላው ሥራ ብዙ ነው፣ አላደክማችሁም። የሞተሩ ዘይት መያዣ የፊት ጎማዎቹን ዘንግ እየነካ ስላስቸገረ ቆርጬ አስበየድኩት። ካንዴላውንና ካርቡሬተሩን ነቅዬ ጣልኩ፤ ናፍጣ እነሱን አይፈልግም። ሳልባትዮውን፣ ነዳጅ የሚቀመጥበትን ማለቴ ነው፣ አውርጄ በናፍጣ አጠብኩት፣ ሦስት ቀን አፉን ወደ ታች ደፍቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሦስት ቀን! እንደ በርበሬ። ናፍጣና ውሃ እንደማይዋደዱ አራተኛ ክፍልም ያውቃል።

ከዚያ ተነሳች። ስትነሳ ድምጿ ቁርጥ ሚኒባስ። ካፖው «አሁን በየፌርማታው ካልቆምኩ ትለናለች» አለ። እኔ ደግሞ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ «ፒያሳ፣ ፒያሳ! ሁለት ሰው የሞላ!» ብዬ ተጣራሁ። እንዲህ ነበር ደስታው።

ካፖው ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ቃሉን ሰጠ። «ስማ አንተ እግር» አለኝ። «ነገ አያን እስከ አገራቸው እናደርሳቸዋለን። ከወለቃ ተነስታ የኮሶዬን ዳገት ሳትቆም ከወጣች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተር የምታወርደው የምትጭነው አንተ ነህ። ከቆመች ግን የቤንዚን ሞተሯን መልሰህ ትጭንላታለህ፣ ከዚያ ግራሶህን ይዘህ ወደ ስር።»

«ሳትቆም» አለ። ልብ በሉ።

በማግስቱ የአያ ባለቤት መጡ፤ እማማ ነው የምላቸው። ለጥምቀት ወርደው ዘመድ ቤት ሰንብተዋል፣ አብረውን ሊመለሱ ነው። ቀሐ ከጥምቀተ ባሕሩ የቀዱትን ጠበል በትልቅ ሃይላንድ ሞልተው ይዘዋል። ኮፈኑን አስከፈቱና «በስመ አብ» ብለው ሞተሩን ረጩት፣ ጎማውን ረጩት፣ ካፖውን ረጩት፣ ዲፕሎማው ስልኩን ሳይደብቅ ስልኩንም ረጩለት። እኔም ጎንበስ ብዬ ተረጨሁ፣ «እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ እኛ እጃችንን ልንታጠብ ሄድን፤ እማማ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ጠበቁን። ሳልባትዮው ደግሞ እዚያው ከወንበሩ አጠገብ ነው፣ ክዳኑ በእጅ የሚከፈት። እኔ ምን ላውቅ?

ካፖው ያሽከረክራል፣ አያ ጎኑ፣ እማማ፣ ዲፕሎማውና እኔ ከኋላ። ከተማውን አቋረጥን፣ ወለቃን አለፍን፣ ዳገቱን ያዝን። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰውና በአህያ ሞልቷል። ላንድሮቨሯ እየጎተተች ነው፣ ሰው ዞር እያለ ያያል፣ እኔ እጄን እያውለበለብኩ ነው። ዲፕሎማው ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል። ከዳገቱ እኩሌታ በላይ ወጥተን እክ አለች።

«ምንድነው?» አለ ካፖው።

«ምንም አይደል፣ ንዳት!» አልኩ።

እክ። እክ። ከዚያ ብርድ ብርድ እንዳለው ሰው ተንቀጠቀጠች፣ አጓራች፣ ከኋላዋ ነጭ ጭስ ተፋችና ቀጥ። ካፖው የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ እኔ ዘልዬ ወርጄ ለጎማዋ ድንጋይ ታኮ አደረግሁላት።

«ሁለት አገር ናቸው አላልኩም?» አለ ዲፕሎማው። እንዲህ ፈገግ ሲል አይቼው አላውቅም። «ሳህኑ ተንሸራቷል። በካርቶን የተለካ ነገር።»

ሳህኑ ቢንሸራተትማ ጩኸቱ ሌላ ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ማጣሪያዋ ስር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጌ መዳፌን ደገንኩ። ወረደ። አሸተትኩት፣ አይሸትም። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ።

«ውሃ!» ብዬ ጮህኩ። «ናፍጣው ውስጥ ውሃ አለ! ይሄ የተረገመ ውሃ ከየት መጣ?»

«ሳልባትዮውን ሳታደርቅ ገጥመኸው ነዋ» አለ ዲፕሎማው።

«ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቼው! አያ፣ ናፍጣውን ከየት ነው የቀዱት?»

«እኔን ነው እንዴ አሁን የምትጠረጥር?» ብለው አያ በትራቸውን አነሱ።

እማማ ከኋላ ቀስ ብለው ወረዱ። መጡና ጆሮዬን ያዙኝ፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላኝን ሰው።

«ውሃ አትበለው» አሉ።

«ታዲያ ምን ልበለው እማማ?»

«የተረገመም አትበለው። ማረኝ በል። ጠበል ነው።»

አያ በትራቸውን አወረዱ።

«ምነው ትደነግጣላችሁ?» አሉ። «ሰው ተረጭቶ ብቻ ይበቃዋል? ይጠጣል እንጂ። እሷስ የምትጠጣው በዚያ አይደል? የሃይላንዱን እኩሌታ አጠጣኋት።»

ነገሩ ለእኔ ወዲያው በራልኝ። ጠበሉ ከሳልባትዮው ስር ዘቅጧል፣ ሜዳ ሜዳውን እዚያው ተኝቶ መጥቷል፣ ዳገቱን ስትይዝ ወደ መምጠጫው ተንሸራቶ ገባ። በቃ። ይሄው ነው። «አያችሁ! ሞተሩ ንጹህ ነው! ጠበሉ ነው ያቆማት!» አልኩ።

አፌን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር። የገበያው ሰው ከቦን ነበረ፣ ሁሉም አማተበ። አንድ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ወደፊት ወጡ። «ጠበል ማኪና አያቆምም» አሉ። «ጠበል ያለባትን ያስጮሃል። ተንቀጠቀጠች?»

«ተንቀጠቀጠች» አለ ሰው።

«አጓራች?»

«አጓራች!»

«ጭስ ተፋች፣ ወደቀች። ታዲያ ምን ቀረ? ስሙን መናገር ብቻ ነው የቀረው። ሞተሩ ከየት የመጣ ነው?»

እኔ መልስ ሳልሰጥ ዲፕሎማው «ከተገለበጠ ሚኒባስ!» አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ! ይሄ ሚሊሜትር የሚያመልክ፣ ይሄ ኮሌጅ የበጠሰ ሰው! ያኔ ቀዳዳው አይገጥምም ብሎ የተከራከረኝ ሰው አሁን የጋኔን ምስክር ሆነ። ሕዝቡ «አሃ!» አለ። «ዶሮ ነው የሞተበት! ጋኔን ከሆነም የዶሮ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ይስማኝ።

እኔ ጠበል የምክድ ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ሆዴን ያሻለኝ ጠበል ነው። ግን እኔ ሆድ አለኝ! ናፍጣ ሞተር ሆድ የለውም፣ ያለው ናፍጣ የሚረጭ ኖዝል ነው። ይሄን ማን ያስረዳልኝ? ካፖውን አየሁት። ካፖው ወደ ገደሉ ዞሮ ሲጋራውን ያጨሳል።

ይሁን ብዬ ብሎኗን ልፈታ፣ ሁሉንም ላፈስ ጎንበስ አልኩ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «እንዳታፈሰው!» አለ። መሬት ላይ፣ እግር የሚረግጠው መንገድ ላይ፣ ጠበል አይፈስማ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው፣ አልከራከርም። ግን በየትኛው አገር ነው መካኒክ ከማጣሪያ አንድ ጠብታ ሳያፈስ ውሃ የሚያወጣው? አወጣሁ። የማጣሪያውን ዲፕሎማው ጠጥቶ በጨረሰው ሃይላንድ፣ የሳልባትዮውን ከአንዲት ሴትዮ በለመንኩት ቢጫ ጀሪካን ተቀበልኩ። አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። አቀመጥነው፣ እስኪረጋ ጠበቅን፣ ናፍጣው ከላይ ሆነ፣ ጠበሉ ከታች ረጋ። እማማ ጎንበስ ብለው አዩና «እይ፣ አልተቀላቀለም!» አሉ። የላዩን ናፍጣ በቀጭን ጎማ በአፌ ስቤ በንጹህ ጀሪካን ቀዳሁት፤ አፌ እስከ ማታ ናፍጣ ናፍጣ ሲል ዋለ። የቀረውን ጠበል ከመንገዱ በላይ እግር የማይረግጠው ጽድ ስር እንድደፋው ተላክሁ። «ጫማህን አውልቅ» አሉኝ ባለ ጃንጥላው። ለናፍጣ ሞተር ጫማውን አውልቆ ገደል የወጣ መካኒክ ካለ ንገሩኝ። ከእኔ በቀር ማን አለ?

ተመልሼ ናፍጣውን ሞላሁ፣ በእጅ ፖምፓዋ ገፋሁ፣ ቧንቧዎቿን አንድ በአንድ እያላላሁ አየሩን አስተፋኋት፣ አጠበቅኩ። «አስነሳት!» አልኩት ካፖውን። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ያዘች።

እልልታው! «ለቀቃት! ለቀቃት!» ይላል ሰው። ባለ ጃንጥላው ያማትባሉ። እጄ በብሎን ተልጦ ደም በደም ሆኗል፣ አፌ ናፍጣ ነው፣ እግሬ እሾህ ገብቶበታል፣ እልል የሚሉት ግን ለሌላ ነው።

ካፖው ጠጋ ብሎ «ቆማለች» አለኝ። «ሳትቆም ነው ያልኩት። ቃል ቃል ነው።»

ሦስት ዓመት መኪና ስር ያሳለፍኩት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «ጋሼ፣ እንመለስ» አልኩት። «ወለቃ ድረስ እንውረድና ከታች እንጀምር። ባዶዋንም አልፈልግም፣ ይጫንባት። አሁን ከቆመች ግራሶዬን ራሴ አነሳለሁ።»

«ገበያው ሊፈታ ነው!» አሉ አያ። «ዳገት ወጥቶ የሚመለስ ማን አለ?»

«ይመለስ» አሉ እማማ። «ያጠጣኋት እኔ ነኝ። በእኔ የቆመውን በልጁ አትቁጠሩበት። ይመለስ።»

አያ በትራቸውን አስገብተው በሩን በሽቦው ዘጉት። ያ መልሳቸው ነበር።

ወረድን። ወለቃ ላይ ሸክላ የምትሸጥ ሴትዮ ከነማሰሮዋ ጫንን፣ ቆርቆሮ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ጫንን፣ ጨው ጫንን፤ ዲፕሎማው ማሰሮ ታቅፎ ተቀመጠ። እማማ ሃይላንዳቸውን ሲያነሱ ሁላችንም እጃቸውን አየን። «ለራሴ ነው» ብለው ጠጡ። ተነሳን። ዳገቱን ያዝን። ያቺ የቆመችበት ቦታ ስትደርስ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፣ እሷ ግን አልያዘችም። ያ ሁሉ ሕዝብ መንገድ ዳር ቆሞ እያየ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከዚያ በሁለተኛ፣ እየጎተተች፣ አንድ ማሰሮ ሳይሰበር፣ ኮሶዬ ላይ ብቅ አለች። ሳትቆም! ሳትቆም እላችኋለሁ!

ካፖው ጥግ አስይዞ አጠፋት። ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሳህኔን ዙሪያዋን በጣቱ ዳሰሳት። «ድምጿ ግን ሚኒባስ ነው» አለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ «ነገ የዚያን አይሱዙ ሞተር አንተ አውርደው» አለኝ።

ይቺን ቀን ሳስባት ደስታዬ ሙሉ መሆን ነበረበት። ዲፕሎማው ግን ማሰሮውን እንደታቀፈ «ጠበሉ ሠራ» አለ። ይቺ ቃሉ ከእኛ ቀድማ አዘዞ ገባች። አሁን ሞተር አውራጅ እኔ ነኝ፣ ግራሶውን ከስር ሆኖ ሌላ ልጅ ይቀባልኛል፤ ግን ጋራዡ በር ላይ መኪና የሚያመጣው ሰው ሁሉ «ያ ጋኔን የወጣለትን ሞተር የሠራኸው አንተ ነህ?» ይለኛል። አልወጣለትም! ውሃ ነው የወጣው፤ ጠበል፣ ጠበል ማለቴ ነው፣ ማረኝ።

የማያምን ካለ እግሩን ያንሳና ይሂድ። ወለቃ ሸክላ የምትሸጠዋን ይጠይቃት፣ ማሰሮዋን ትቆጥርለታለች። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ይሂድና ቆርቆሮ ተሸክመው የመጡትን ይጠይቅ። እማማን ይጠይቅ፣ ጆሮውን ይዘው ይነግሩታል። ባለ ጃንጥላውንም ይጠይቅ፣ አልፈራም። ዲፕሎማውንም ጠይቁት፤ ብቻ ስልኩን ተቀበሉትና ዓይን ዓይኑን እያያችሁ።